ከሰኞ ጀምሮ ያልተዘጋው ፕሮግራም

ሚኪያስ ተጠርቶ ሲደርስ ሲስተር ሩት መርፌውን እንደያዘች ነበር፤ የሕፃኑ እናት ናጃህ ክንዷን አልለቅም ብላለች።

«ሰኞ ስትወጊው ሰውነቱ አባበጠ! ትናንት ካርድ ክፍል አስመዝግቤያለሁ፣ ወላሂ!»

«ኮምፒውተሩ ላይ የለማ፣ እናቴ!»

የክሊኒኩን ፕሮግራም የሠራው ሚኪያስ ዋናውን መዝገብ ፈተሸ። «ፔኒሲሊን አይስማማውም» ይላል። የሲስተር ስክሪን ላይ ግን የለም።

«ሲስተር፣ ፕሮግራሙን መቼ ነው የከፈትሽው?»

«ሰኞ ነዋ። በቡታጅራ መብራት ስንቴ ልክፈት ልዝጋ? ባትሪ ላይ ሰክቼ ተውኩት።»

እንዲፈጥን ብሎ፣ ፕሮግራሙ አንዴ ያነበበውን እስኪዘጋ ድረስ ይዞ እንዲቆይ ያደረገው ሚኪያስ ራሱ ነበር። ዘግቶ ሲከፍተው ማስጠንቀቂያው በቀይ ብቅ አለ።

ናጃህ «አልሐምዱሊላህ!» ብላ ልጇን አቀፈች። ሲስተር ሩት ግን መርፌውን አስቀምጣ ወደ በሩ አፈጠጠች።

«ሚኪ፣ ጠዋት ወግቼ የሸኘኋቸውስ?»