ባዶውን ዜሮ በሉት

ርዕሰ መምህሩ የስም መጥሪያውን ከፌስታል አውጥተው በአስተባባሪዋ ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። አስራ አንድ ስም፣ በየስሙ ትይዩ የየዕለቱ ምልክት፣ አንድም ቀን ያልተዘለለ። “ይኸው፣ ይቁጠሯቸው” አሉ። “አሉ ወይስ የሉም?”

አስተባባሪዋ መቁጠር አላስፈለጋትም። ከየክልሉ የሚመጣውን የትምህርት ቤቶች መረጃ ሰብስባ የፌዴራሉን ድጎማ ድልድል የምታዘጋጀው እሷ ናት፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ሥራዋ ይኸው ነው። የሰውየውን ትምህርት ቤት ኮምፒውተሯ ላይ ከፍታዋለች። መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች በሚለው ሳጥን ውስጥ ዜሮ ተጽፏል። ዜሮ ተማሪ ላለው ትምህርት ቤት ደግሞ የምልክት ቋንቋ መምህር አይቀጠርለትም። ድልድሉ ባለፈው ሳምንት ተፈርሞ ወጥቷል፤ ሽማግሌው እንደሚመጡ ደውለው ነግረዋት ስለነበር ዛሬ ጠዋት አለቃዋን ብትለምነውም ለአንዱ ከከፈትን ለሁሉም ልንከፍት ነው ብሎ በሩን ዘግቶባታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እንዲህ ነው። ግን ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተንገላተው ለመጡ ሽማግሌ ይህ በምን አፍ ይነገራል?

“እርስዎ ነዎት ዜሮ ብለው የላኩት?” አለቻቸው።

ኧረ በጭራሽ፣ ባዶ ነው የተውኩት አሉ። የልጆቹን ጆሮ በየዓመቱ የሚመረምረው ባለሙያ አምና መጥቶ ነበር፤ ዘንድሮ ዛሬ ይመጣል ነገ ይመጣል ሲባል ቀረ። ቅጹ ደግሞ በባለሙያ ያልተረጋገጠ ቁጥር አይሞላም ይላል። እሳቸው በሠላሳ አራት ዓመት የመምህርነት ዘመናቸው ያልተፈቀደላቸውን ቁጥር ጽፈው አያውቁም። ስለዚህ ሳጥኑን ባዶ ትተው፣ ከጎኑ በእስክሪብቶ “ልጆቹ አሉ፤ ባለሙያ እየጠበቅን ነው” ብለው ጻፉበት።

“የሚያነበው ሰው ይኖራል ብዬ ነው” አሉና ፈገግ ለማለት ሞከሩ።

ወደ ክልሉ የመረጃ ባለሙያ ደወለች። አምስት ዓመት በስልክ ሲቀላለዱ የኖሩ ናቸው፤ ዛሬ ግን ሰላምታውንም አሳጠረችው። ይህን ዜሮ ማን አስገባው ስትለው፣ ሰውየው እንደ ዘበት እኔ ነኛ አላት። ለምን ስትለው ምን እንዳጠፋ ግራ ገባው።

“አንቺው አይደለሽ እንዴ ያልሽን?” አለ። “ስልጠናው ላይ። ባዶ ሳጥን አትላኩልኝ፣ ባዶውን ዜሮ በሉት አልሽ።”

ክው አለች። ብላለች። ሲስተሙ አንድ ባዶ ሳጥን ካገኘ የመላውን ክልል ሪፖርት መልሶ ይተፋው ነበር፤ እሷም አምና የማስገቢያው ቀን ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ማይክ ጨብጣ ነገሩን በአንድ ቃል ገላገለችው። ሰዉም አጨበጨበላት። የሁሉም ክልል ሪፖርት ለመጀመሪያ ጊዜ ተሟልቶ ገባ ተባለ፤ የምስጋናው ወረቀት ይኸው በመስታወት ተደርጎ ርዕሰ መምህሩ ከተቀመጡበት ወንበር በላይ ተሰቅሏል።

ስልኩን ዘግታ ዓምዱን ቁልቁል ወረደችበት። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ሦስት፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። የትኛው የእውነት ዜሮ እንደሆነ፣ የትኛው የእሷ እንደሆነ ከእንግዲህ ፈጣሪ ካልሆነ የሚለየው የለም። ከስንቱ ቅጽ ጎን በእስክሪብቶ የተጻፈ ነገር ነበር ይሆን?

“ማን ነው እንዲህ ያደረገን?” አሉ ርዕሰ መምህሩ። ቁጣ የላቸውም። ማወቅ ብቻ ነው የፈለጉት።

እኔ ነኝ ልትል አፏን ከፈተች።

“ሲስተሙ ነው ጋሼ” አለች።

አመኗት። ይባስ ብለው አዘኑላት። “እንግዲህ አንቺ ምን ታደርጊ፣ ልጄ” አሉ አንቱታውን ትተው፤ “አንቺም የታዘዝሽውን ነው።” መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

በሚቀጥለው ዓመት ቆጠራ የእርስዎን ትምህርት ቤት እኔ ራሴ እከታተለዋለሁ አለች። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጆቹን አሁን የምታስተምረው የምልክት ቋንቋ መምህርት ውል በዚህ ወር መጨረሻ ያበቃል። ልጆቹ ከየገጠሩ መጥተው ዘመድ ቤት የተጠጉት እሷን ብለው ነው፤ እሷ ስትሄድ እነሱም ወደየመጡበት ነው።

“በሚቀጥለው ዓመትማ ዜሮውን ራሴ እጽፈዋለሁ” አሉ። “ያኔ እውነት ነው።”

ከኮሪደሩ የሴቶች ሳቅ መጥቶ አለፈ። አስተባባሪዋ ወደ ሽማግሌው ዞረች። “ልጆቹ ሰምተዋል?” አለችና፣ ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ አፈረች።

እሳቸው ግን አልተቀየሟትም። “በምን ልንገራቸው?” አሉ። “ሁለት ዓመት ሙሉ መምህርቷን አስተምሪኝ እያልኩ፣ ነገ ዛሬ እያልኩ፣ እኔ የያዝኩት ደህና አደራችሁ የሚለውን ብቻ ነው።” እንዴት እንደሚባል በሁለት እጃቸው አሳዩዋት። “የእነሱን ቋንቋ የሚችል ሌላ ሰው የለም። ልትሄድ መሆኑን የምትነግራቸው እሷው ናት።”

እጃቸውን ማውረድ ረስተው፣ ደህና አደራችሁ እንዳሉ ቀሩ።