በቦታቸው የቀሩት

«ሰዓት ያዥልኝ፤ ልጀምር ነው» አለ የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ባሏ፤ እሷም የእጅ ሰዓቷን መቁጠሪያ ቁልፍ ተጫነች።

ነገ ለሚያቀርበው ንግግር የተፈቀደለት ዐሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ሁሌም ሰዓት የምትይዝለት፣ የሚቆረጠውንም የምትነግረው እሷ ናት። ዛሬ ግን ዓይኗ ኮሪደሩ ላይ ነው። ጠዋት ስምንት ባዶ ካርቶን አምጥቶ ደርድሮበታል። «አዲሱን ሥራ እሺ አልኳቸው እኮ፤ አልነገርኩሽም?» ብሏት ፂሙን ሊላጭ ገባ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይኸው ነው።

በዐሥራ አራት ዓመት አምስተኛ ከተማ መሆኑ ነው። በየሄዱበት እሱ ሲሾም እሷ ሰው በቀረ ቀን ብቻ የምትጠራ አስተማሪ ትሆናለች፤ ልትቀጠር ስትል ደግሞ ጓዝ ይታሰራል፣ ልፋቷን ውሃ ይበላዋል። የኬሚስትሪ ክፍሉን በቋሚነት እንድትመራ መመደቧን የሚገልጸው ደብዳቤ ከትናንት ጀምሮ በሹራቧ ኪስ ውስጥ ነው። እራት ላይ ልታበስረው ነበር። እሱ ስለ ንግግሩ ሲያወራ ፋታ አላገኘችም።

«ኔፕቱን የተወለደው ዛሬ ባለበት አይደለም» ይላል፣ በሻይ ማንኪያ ጠረጴዛው ላይ መንገዱን እያሳየ። «ከፀሐይ እየራቀ ሲሄድ ፊቱ ያገኛቸውን ትንንሽ በረዷማ አካላት በስበቱ ያዘ። ፕሉቶ አንዷ ናት። እሱ ፀሐይን ሦስቴ ሲዞር እሷ ሁለቴ ትዞራለች፤ ከዚያ ንቅንቅ የለም። እሱ በራቀ ቁጥር እሷም እየተገፋች ራቀች። መንገዷም ተለጠጠ፣ ተንጋደደ።»

«አይጋጩም?»

«ቁጥሩን እስከጠበቀች ድረስ አይጋጩም።»

ሳቅ መጣባት፤ የሚመር ሳቅ።

«ያልተያዙትስ?»

«እነሱማ በቦታቸው ቀሩ። መንገዳቸው ዛሬም ክብ ነው ማለት ይቻላል። ቀይ ቀለማቸውም ሲፈጠሩ የነበራቸው ነው ይባላል።»

ሲጨርስ ዐሥራ ሰባት ደቂቃ ሆነ። ትርፉን ሁለት ደቂቃ ከየት እንደሚቆርጥ ልትነግረው አፏን ስትከፍት፣ እርሳሱን አንስቶ ከንግግሩ ወረቀት ላይ በቦታቸው የቀሩትን ሰረዛቸው።

«እነሱን አትሰርዛቸው» አለችው።

«ምን ያደርጉልኛል? ምንም አልሆኑም እኮ። ዝም ብለው ነው የተቀመጡት።»

ደብዳቤውን አውጥታ ፊቱ አኖረችለት። ከራሱ ወረቀቶች አንዱ መስሎት ሳያየው ወደ ጎን ገፋ አደረገውና እንደገና ጀመረ። «ኔፕቱን የተወለደው ዛሬ ባለበት…»

ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ለአንድ ሰው ጓዝ አራት ካርቶን ይበቃል። የቀሩትን አራቱን አንድ በአንድ በእግሯ ረግጣ ጠፍጣፋ አደረገቻቸውና ከበሩ ኋላ አቆመቻቸው።

«የምን ድምፅ ነው?» አለ ከውስጥ። «ሰዓቱን ይዘሽልኛል አይደል?»