የሙሽራዋ ኬክ ጠባቂ

ከጧቱ ሁለት ሰዓት ነበር። ሰማዩ አንዲት የደመና ክር እንኳ ሳይቀርበት ጠርቶ፣ ፀሐይዋ ገና በማለዳ የኬክ ቤቱን የቆርቆሮ ጣሪያ ታንጣጣው ጀመር። ከቀትር በፊት አስፋልቱ እንደሚለሰልስ የሚያስታውቅ ቀን ነበር።

የኬክ ቤቱ ባለቤት ሠራተኞቿን ሰብስባ የወንድሟን ልጅ ከፊታቸው አቆመችው። ወጣቱ ከልክ በላይ የተተኮሰ ኮት ለብሷል። ትምህርቱን የጨረሰው በቅርቡ ሲሆን፣ ሙያውም በምግብ ላይ ገና ያልደረሰውን አደጋ አስቀድሞ ማሽተት ነው። ንግግሩን ሁሉ «ምናልባት» ብሎ ስለሚጀምር ሠራተኞቹ በመጣ በማግስቱ ስሙን ትተው «ምናልባት» ይሉት ጀመር።

«የልጄ ሠርግ ዛሬ ማታ ነው» አለች አክስቱ። «ኬኩ አልቆ ማቀዝቀዣ ክፍል ገብቷል። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የሚጠብቀው እሱ ነው። ደኅና ካቆየው ከነገ ጀምሮ የቤቱ ተቆጣጣሪ ይሆናል። ካላቆየው ወደ አባቱ ብሎኬት ማምረቻ ይመለሳል። ዛሬ ማንም በሥራው ጥልቅ እንዳይልበት፤ ለምክርም ቢሆን።»

«ትንፍሽ አንልም እትዬ» አለ ሾፌሩ።

ኬኩ ባለ ሦስት ደርብ ነበር። ኬክ ሠሪው ክሬሙን እንደ ዳንቴል እየጠለፈ ለቀናት ደክሞበታል፤ ከአናቱም ላይ ከስኳር የተሠሩ ሁለት ሙሽሮች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመዋል። ምናልባት ኬኩን በካርቶን ከደነው፣ ዙሪያውን በፕላስተር አሸገው፣ በማሸጊያውም ላይ ፈረመበት። የክፍሉን ቴርሞሜትር አየና በእርካታ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያም ማንም እሱን ሳይዘል እንዳይገባ ወንበሩን ደፉ ላይ ተከለ፤ አደጋ የሚመጣው ከውጭ ነውና፣ ጀርባውን ለኬኩ፣ ፊቱን ለዓለም ሰጥቶ ተቀመጠ።

አደጋውም ብዙ አላስጠበቀውም።

መጀመሪያ የመጣችው ገንዘብ ያዥዋ ናት። ግድግዳውን ተደግፋ ያለ ምንም ጉዳይ ቆመች።

«ምን ልታዘዝ?» አላት።

«ምንም። አንተ ጋ ሲቆሙ ልብ ይረጋል።»

«ምናልባት ልብሽ ሌላ ቦታም ሊረጋ ይችላል።»

«ሞክሬዋለሁ እኮ» አለችና ምሳዋን ልታመጣ ሄደች።

ቀጥሎ ሾፌሩ ባዶ የለስላሳ ሣጥን እየጎተተ መጥቶ ከእግሩ ሥር ተቀመጠ።

«ወንበርህን አንድ ስንዝር ፈቀቅ ብታደርጋት፣ እኔም ጎንህ ጎኔን አሳርፍ ነበር።»

«ለምን?»

«ወሬህ ይጥመኛላ።»

«እስካሁን ምንም አላወራሁም።»

«እሱ እኮ ነው የሚጥመው።»

ቀትር ላይ ኬክ ቤቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ማቀዝቀዣው ክፍል የተዛወረ መሰለ። ዕቃ አጣቢዋ ትሪዎቿን ተሸክማ መጣች፤ የጎረቤት ድመት እንኳ ተጋድማ ሆዷን ገልብጣ ተኛች። አንድም ሰው ስለ ኬኩ አልጠየቀም፤ ምናልባትን ይበልጥ ያስፈራውም ይኸው ነበር። ቅን ሰው ቢሆን ይጠይቃል ብሎ አሰበ። ጓሮ ካለው ምድጃ ያልተለየው ኬክ ሠሪው ደግሞ ጭራሽ ብቅ አለማለቱ ከሁሉ የከፋ ምልክት ሆኖ ታየው።

እነሱ እየመጡ በላባቸው ሲያብረቀርቁ፣ እሱ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ አንዲት ጠብታ አላላበውም። ይህንንም የሙያው እርጋታ ነው አለ።

ስምንት ሰዓት ላይ ከወንበሩ እግር ሥር ውሃ አየ።

«እጁን ሳያደራርቅ እዚህ የደረሰ ማነው?»

ሁሉም እጃቸውን ዘረጉ። ደረቅ ነበር። ድመቷም ሳትጠየቅ መዳፏን ዘረጋች፤ ዕቃ አጣቢዋ ሳቋን መያዝ አቅቷት ትሪውን ለቀቀችው። ምናልባት ግን አልሳቀም። ዓይኑ ሾፌሩ ላይ ቀረ። የሚያጽናናው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የማቀዝቀዣው ሞተር ከበስተጀርባው አፍታ ሳያርፍ ያጓራል። እንደ እኔ ትጉ ነው ሲል በልቡ አመሰገነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አክስቱ ሙሽራዋን አስከትላ ደረሰች። ኬክ ሠሪውም እጁን በሽርጡ እየጠረገ መጣ። ሁሉም ወንበሩን እየዘለሉ ገቡ፤ ሙሽራዋ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ዘለለች።

ማሸጊያው እንደነበረ ነው። ፊርማውም አልተነካም። ምናልባት ደረቱን ነፍቶ ካርቶኑን ገለጠው።

ላይኛው ደርብ በመካከለኛው ላይ ተንሸራቷል፤ መካከለኛውም በታችኛው ላይ ፈስሷል። የስኳሩ ሙሽሮች ክሬም ውስጥ እስከ አንገታቸው ገብተዋል፤ እጃቸውን ግን አልተላቀቁም።

«እየዋኙ ነው» አለ ሾፌሩ።

ሙሽራዋ መሳቅ ጀመረች። አፏን በአበባዋ ብትሸፍነውም ሳቁ በአበባው መሐል ሾለከ፤ ከእሷም ወደ ገንዘብ ያዥዋ፣ ከገንዘብ ያዥዋም ወደ ዕቃ አጣቢዋ ተጋባ። አክስቱ ግን አልሳቀችም።

«ክሬሙ ጧት ድንጋይ ነበር» አለ ኬክ ሠሪው።

«ምናልባት ሾፌሩ...» አለ ወጣቱ።

«ማሸጊያው አልተነካም» አለች አክስቱ።

«ምናልባት እንቁላሉ... ምናልባት ኬክ ሠሪው ከጅምሩ...»

«እስቲ ቁጭ ልበል» አለች አክስቱ። ወንበሩንም ከደፉ ላይ ወደ ውስጥ ሳበችው።

ከማለዳ ጀምሮ በወንበሩ ተገትቶ ክፍቱን የዋለው የማቀዝቀዣው ክፍል ወፍራም በር ያን ጊዜ በገዛ ራሱ ዞሮ ግጥም አለ፤ ለባለ ሦስት ደርቡ ኬክ ግን ረፍዶ ነበር።