ገጹን የያዘው እጅ

ማክሰኞ ጠዋት በቤተ መዛግብቱ ምድር ቤት የነበርነው እኔና ታላቅ እህቴ ብቻ ነን። እኔ የድሮ የምርምር መጽሔቶችን ገጽ በገጽ ካሜራው ሥር እየዘረጋሁ ፎቶ አነሳለሁ። እሷ ማዶ ኮምፒውተሯ ላይ ሆና፣ የዛሬ መቶ ዓመትም ፈላጊ እንዲያገኘው የጸሐፊውን ስምና ርዕሱን ትመዘግባለች። ገጹ እንዳይታጠፍ በጣቴ ስለምይዘው፣ ጣቴን ከምስሉ ላይ ቆርጣ የምታወጣውም እሷ ናት።

«አንተ፣ ጣትህም ምርምር ጀመረ እንዴ?» አለች እየሳቀች። «ከላይ በኩል ምን አስገባው?»

«እትዬ፣ እኔ የያዝኩት ከታች ነው። ደግሞ ጓንት አድርጌያለሁ።»

ከላይ በኩል ጠረጴዛው ግድግዳ ተጠግቷል፤ ሰው አይቆምበትም። ዞር ብላ ነጩን ጓንቴን አየችና ሳቋ ጠፋ። በሚቀጥለው ገጽ ላይ ጓንት ያላደረጉ ጣቶች ከላይ በኩል ታዩ፤ ከዚያ በሚቀጥለው ደግሞ እስከ አንጓው ድረስ እጅ መጣ።

«በእማዬ ሞት፣ ተወው!»

መጽሔቱ ግን ሌላ ቅጂ የለውም፤ ወረቀቱም ስገልጠው እየተፈረፈረ ነው። የቀረው የመጨረሻው ገጽ ነበር።

«ይቺን ብቻ» አልኳትና የካሜራውን መርገጫ በእግሬ ተጫንኩ።

እህቴ ስክሪኑን አይታ አፏን ያዘች። እኔም አንገቴን አስግጌ አየሁት። እጁ ገጹን ለቆ የእኔን አንጓ ጨብጧል። ወደ ጠረጴዛው ስመለከት ከራሴ እጅ በቀር ምንም የለም።

«ና ውጣ! ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ በሩን በርግዳ።

እጄን ላነሳ ሞከርኩ። አልተነሳም።