መዳፍ የምታሾልክ ቀዳዳ

«አንዲት ነገር ቀርታለች፣ እትዬ» አለ ወጣቱ፣ በሩ መሀል ላይ በጣቱ አራት ማዕዘን እየሳለ። «እዚህ ጋ መዳፍ የምታሾልክ ቀዳዳ አውጪልኝ። ክዳኗ ከውስጥ የሚቆለፍ ይሁን።»

በያጇ ጭምብሏን ወደ አናቷ ገፋችው። ከትናንት ጀምሮ ወገቧ እስኪቆረጥ የለፋችበት በር ሁለት የብረት እግር ላይ ተጋድሟል፤ ወፍራም ላሜራ፣ ድርብ ቱቦላሬ፣ የክንድ ውፍረት ያለው መቀርቀሪያ። ሲያዛት «ወርቅ ልታስቀምጥበት ነው እንዴ?» ብላ ቀልዳበት ነበር። አዲስ ጎረቤት ነው ብላ ቀብድ እንኳ አልተቀበለችውም። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለውን የነርሷን ቤት ተከራይተናል ነው ያላት፤ ትሁት፣ ንጹሕ፣ ከአፉ ማር ጠብ የሚል ልጅ።

«ቀዳዳዋ ለምንህ ነው?»

«ሰው በመጣ ቁጥር በር ከመክፈት ትገላግለናለች ብለን ነዋ።»

እንዲህ ያለች ቀዳዳ ታውቃለች። ተወልዳ ባደገችበት የመሀል ከተማ ሰፈር፣ እናታቸው «አደራሽን» ብላ የተወችላትን ታናሽ ወንድሟን ፍለጋ የምታንኳኳው በር ላይ ነበረች። ከዚያች ቀዳዳ እጅ እንጂ ፊት ወጥቶ አያውቅም። እጁ ከገዢዎቹ ብር ይቀበላል፣ ዕፅ ይሰጣል፤ እሷ ስታንኳኳ ደግሞ ሂጂ እንደማለት ይወናጨፋል። በመጨረሻ አንድ ቀን የወንድሟን ጃኬት አቀበላት። ጃኬቱን ብቻ። ከቀብሩ በኋላ ያላትን ሸጣ ወደዚህ፣ ከተማው ወደሚያልቅበት፣ ውሻ መሀል መንገድ ላይ ተዘርሮ ወደሚተኛበት ሰፈር መጣች።

ዘንድሮ ግን ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር የማን እንደሆኑ የማይታወቁ ሞተር ሳይክሎች መቆም ጀምረዋል። የዳቦ ጋጋሪው የመጀመሪያ ልጅ ዓይኑ ደም መስሎ የእናቱን ዕቃ እያወጣ ይሸጣል። ሰፈሩ አይቶ እንዳላየ ሆነ። እሷም እንደ ሰፈሩ። የሸሸችው ነገር ግን እግር በእግር ተከትሏት መጥቶ፣ ይኸው በገዛ እጇ በር ሊያሠራት ቆሟል።

«አልሠራም» አለች።

«ቀዳዳዋን?»

«በሩን።»

ሳቀ። «አልቋል እኮ፣ እትዬ!»

ጭምብሏን መልሳ ዓይኗ ላይ አወረደች፤ ግራይንደሯን አነሳች። መቁረጫ ዲስኩ ላሜራውን ሲነክሰው ወርክሾፑ በጩኸት ተሞላ፤ ፍንጣሪው እንደ ጎርፍ ወጣቱ ላይ ሲወርድ ወደ ኋላ ዘለለ። ከመቀርቀሪያው ጀምራ እስከ ታች ሰነጠቀችው። ግማሹ በር ሲሚንቶው ላይ ሲወድቅ ውጭ መኪና ውስጥ ሲጠብቀው የነበረ ጓደኛው መስተዋቱን ዝቅ አድርጎ አየ።

«አብደሻል እንዴ ሴትዮ?» አለ ወጣቱ። እትዬነቷ በአንድ አፍታ ቀረ። «በያጅ የጠፋ መሰለሽ? ማዶ ሄደን እናሠራለን።»

«ማዶ ያለውን ብየዳ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሳትደርሱ እደውልለታለሁ።»

ወጣቱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ዝቅ ያለው ድምፅ ይበልጥ ያስፈራ ነበር። «ጸጥ ያለ ሰፈር ነው ብለን ነው የመጣነው። ጸጥታውን አታደፍርሺው።» ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። «ይሄ እንጨት እሳት ቶሎ ነው የሚይዘው።»

ግራይንደሯን በሁለት እጇ ጨበጠች። «ጸጥ ያልነው እኮ እኛ ነን» አለች። «ከዛሬ ወዲያ ጸጥ አንልም። ውጣልኝ።»

ወጣቱ ወጥቶ ጓደኛው አጠገብ ገባ፤ መኪናዋ አቧራ አስነስታ ሄደች።

ጥግ ላይ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጠው ይህን ሁሉ ሲያዩ የነበሩት ጎረቤቷ፣ ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር፣ ብድግ አሉ። የባለቤታቸውን ተሽከርካሪ ወንበር አስበይደው ሊሄዱ ሲሉ ነው ወጣቱ የገባባቸው።

«ምን አደረግሽ፣ ልጄ?» አሉ። «እነዚህ ሰዎች ይመለሳሉ።»

«ይመለሳሉ፣ ጋሼ። ሲመለሱ ብቻዬን እንዳያገኙኝ ነው የምፈልገው። እኔ አሁኑኑ ለነርሷ ደውዬ ቤቷን ማን እንደያዘው እነግራታለሁ። እርስዎ የታችኛውን መንገድ ያዳርሱልኝ። ዛሬ ከሥራ መልስ ሁሉም እዚህ ይምጣ፤ ጋጋሪውም፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛም፣ ሁሉም።»

ሹፌሩ የወንበሩን እጀታ ጨበጡ። «እኔስ እሺ፤ ባለቤቴ ግን ነገር ቢመጣ መሮጥ አትችልም።»

«እኔም ሁለተኛ መሮጥ አልችልም፣ ጋሼ።»

ሹፌሩ ባዶውን ወንበር እየገፉ ወጡ። እሷም አልፈረደችባቸውም፤ ሰው ለትዳሩ ይፈራል። ስልኳን አውጥታ የነርሷን ቁጥር ነካች። እየጠራ ሳለ የወርክሾፑ በር ላይ ቆማ መንገዱን ቁልቁል ተመለከተች።

ሹፌሩ ቤታቸው ደጃፍ ሲደርሱ ቆም አሉ። አጥራቸውን አዩት። ከዚያ ወንበሩን ወደፊት ገፋ አድርገው የራሳቸውን በር አለፉና፣ የጋጋሪውን በር በቡጢ ይደበድቡት ጀመር።