የፌጦ ሽታ

በከተማው ባቡር ውስጥ ውሾች ሕፃናትን ማሽተት ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗል። ውሻ ፊት ለፊቱ የተቀመጠበት ልጅ እንደታመመ ተቆጥሮ፣ በሚቀጥለው ፌርማታ ወደ ማቆያ ይወሰዳል። የትርንጎ ጎረቤት ልጅ እንደተወሰደ ቀርቷል፤ ትንሹ ጫማው አሁንም ከደጃፋቸው አልተነሣም።

ትርንጎ የሦስት ዓመት ልጇን ሲፈንን ታቅፋ መስኮቱ ጥግ ተቀምጣለች። ልጅቷን ሲያተኩሳት ነው ያደረው። ወደ አያቷ ቤት ወስዳ እስክትደብቃት ድረስ፣ የሕመሙን ሽታ እንዲሸፍንላት ደረቷን ፌጦ ቀብታ ሁለት ሹራብ ደርባላታለች።

አጠገቧ ያሉት ሽማግሌ ጠጋ አሉ።

«ፌጦ ነው፣ ልጄ?»

«ለጉንፋን ብዬ ነው፣ አባባ።»

«እናት ሁሉ እሱን ስትቀባ ጊዜ ውሾቹ ለመዱት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አሁንማ ትኩሳቱን ትተው ፌጦውን ነው የሚፈልጉት።»

ትርንጎ ደረቷን ልትጠርግላት ሹራቡን ስትገልብ ውሻው ከወንበሮቹ መካከል ብቅ አለ። ሲፈን ውሻ ስታይ እንዳታለቅስ ቤት ውስጥ ስትለማመድ ሰንብታለች። እንደተማረችው ፈገግ ብላ እጇን ዘረጋችለት። ውሻው ጣቶቿን፣ ቀጥሎም ደረቷን አሸተተና ቀስ ብሎ ፊቷ ተቀመጠ።

ከማዶ ያሉት እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ሳቡ።

«እማ» አለች ሲፈን፣ «ወደደኝ።»