የግሬገርስ ሐሙስ

በኦርሁስ ከተማ ወደብ አጠገብ፣ የጀልባ ትኬት ፕሮግራም የሚጻፍበት አንድ ቢሮ ነበር። እዚያ አዲስ የኮድ ማህደር የሚፈልግ ሰው ግሬገርስን ለምኖ ሐሙስን ይጠብቃል።

ማህደር መክፈት ለአዲስ ፕሮግራም ቤት እንደ መሥራት ነው። አቃፊዎቹ ይደረደራሉ፣ ማን እንደሚገባ ይወሰናል፣ መፈተሻው ይተከላል፣ መጠባበቂያ ቅጂው ይያያዛል። ግሬገርስ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ በእጁ እንደሚሠራ ይናገር ነበር። ሐሙስ ሐሙስ በሩን ዘግቶ ይውላል፤ ማንም አያንኳኳበትም። የከፈተው ማህደር ተሳስቶ አያውቅም። ሁሉም ውስጥ ማንም የማይጠቀምበት አንድ ባዶ አቃፊ ይገኛል፤ ሠራተኞቹ «የግሬገርስ አሻራ» ይሉታል።

ማረን አዲስ እንደተቀጠረች ሄዳ ጠየቀችው።

«ስሙንና ባለቤቱን ጻፊልኝ። ሌላ ወሬ አልፈልግም» አላት ቀና ሳይል።

«ዛሬ ገና አርብ ነው እኮ።»

«ቀን ማወቅሽ ደስ ይላል።»

ማረን ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ሐሙስ እስኪደርስም ተቀምጣ ማሽኑ ሥራውን ሁሉ በራሱ እንዲጨርስ የሚያዝ ስክሪፕት ጻፈች። በጥቁሩ የትዕዛዝ መስኮት ላይ አንድ መስመር ሲጻፍ፣ የተቀዳ ቡና ሳይቀዘቅዝ ማህደሩ ተከፍቶ ያልቃል።

ወሬው ቢሮውን ካዳረሰ ወዲህ ሰላም የለም። አርብ ጠዋት በየተራ ትኩስ ዳቦ ማምጣት የቢሮው ልማድ ነው። የማረን ተራ ሲደርስ ግሬገርስ ከቤቱ ያመጣውን ጥቁር ዳቦ ከቦርሳው አውጥቶ ፊቷ ቆረሰው።

«ያንቺ በማሽን የተቦካ ይሆናል ብዬ ነው።»

አንዳንዱ ሳቀ፤ ሌላው አቀርቅሮ ዳቦውን ቅቤ ቀባ።

«እንደ ፈለግህ» አለችው። «ቅቤው ግን የሁላችን ነው፤ ውሰድ።»

«ቅቤሽን ተይና ስሚኝ። ስሙ መሐል ክፍት ቦታ ያለበት ማህደር የመጣ ዕለት፣ ያ ነገርሽ ስሙን ለሁለት ይቆርጠዋል። ያኔ እንተያያለን።»

በሚቀጥለው ሳምንት ልክ እንዳለው ሆነ። ማረን ደነገጠች። ስክሪፕቱ ውስጥ የጻፈችውን ለማንም አላሳየችም፤ ሳያየው እንዴት አወቀ? ማሽኔን ነካክቶብኛል አለች በልቧ። የስክሪፕቱን ስህተት አረመችና ከዚያ በኋላ ውኃ ልትቀዳ እንኳ ስትነሳ ማሽኗን ትቆልፍ ጀመር። እሱም አየ።

«ምነው፣ ሌባ ገባብሽ?»

«አላወቅሁም። ገብቶ ከሆነ አንተ ንገረኝ።»

ይህ ንግግር የቢሮው ኃላፊ ቡዲል ጆሮ ደረሰ። ሁለቱን ጠርታ አስቀመጠቻቸው።

«ለዚህ ሥራ ሁለት ሰው አያስፈልገኝም» አለች። «የማረን የሙከራ ጊዜ ከበጋው ዕረፍት በፊት ያልቃል። ወይ የእሷን ትዕዛዝ እንይዝና አንተ ትሄዳለህ፣ ግሬገርስ፤ ወይ በእጅ እንቀጥልና እሷ ትሄዳለች። ረቡዕ ሁሉም ባለበት አንድ አንድ ማህደር ክፈቱ።»

«የእጅ ሥራ ሰው እያፈጠጠበት አይሠራም።»

«እንግዲያው ወንበሩን ለማረን ልስጣት?»

ግሬገርስ «እሺ፣ ረቡዕ» ብሎ ወጣ።

ማረን ደስ ሊላት ሲገባ ልቧ አልረጋላትም። ሰውየው ክፉ አፍ አለው፤ ቢሆንም ዕድሜውን ሙሉ በጣቱ ያቆመውን እኔ በአንድ መስመር ላፈርስበት ነው እያለች ተጨነቀች። ለራሷ እንጀራ ስትጸልይ ለእሱም ጨመረችለት። ረቡዕ ጠዋት ማንም ሳይገባ ጠረጴዛው ድረስ ሄደች።

«ግሬገርስ፣ ከፈለግህ አብረን ለቡዲል እንንገራት። አንተ የእጅ ሙያውን ታስተምረኛለህ፤ እኔም ...»

«ምን? አንቺን ላስተምር?» ወንበሩን አዞረባት። «እዘኚልኝ ብዬሻለሁ? ሂጂ ወዲያ።»

ሰዉ ተሰበሰበ። ማረን ቀደመች። መስመሯን ጻፈች፤ ማህደሩ ያለ እንከን ተከፈተ። ግሬገርስ ዙሪያውን ስለሚቃኝ ማንም አላጨበጨበም።

እሱ ተነሥቶ ማሽኑን ከግድግዳው ትልቅ ስክሪን ጋር አገናኘ። እጅጌውን ሰበሰበ።

«አሁን ደግሞ የሰው እጅ ምን እንደሚመስል እዩ» አለ።

ማረን አቀረቀረች። ሰውየው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንድ በአንድ ሲለፋ ማየት አልፈለገችም። ክፍሉ ጸጥ ሲልባት ግን ቀና አለች።

ግሬገርስ ገና አንዲት ፊደል ብቻ ነክቶ ነበር፤ ማሽኑ ግን ከዚህ በፊት የተጻፈለትን ትዕዛዝ ስለማይረሳ፣ «ማህደር-ክፈት» የምትለዋን አንዲት ትዕዛዝ ከየማህደሩ ስም፣ ባለቤትና ከተጻፈችበት ቀን ጋር ከስክሪኑ ጫፍ እስከ ጫፍ ደረደረለት፤ የታችኛው መስመር የተጻፈው ማረን ገና ተማሪ ሳለች ነበር።